ታናሿ እህታችን ለወንድማችን ኩላሊት ልትሰጥ ነው፤ እኔን የጨነቀኝ ግን የቤቱ ነገር ነው

የመሀል ልጅ (እሁድ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አራት ነን። ያደግነው አራት ኪሎ ነው፤ እናታችን አሁንም እዚያው ናት። ታላቅ ወንድማችን የደም ግፊቱን ለዓመታት «ድካም ነው፣ ራስ ምታት ነው» እያለ አሳለፈው። በኋላ ሲመረመር ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ነበር። አሁን የሚኖረው በእጥበት ነው። በሳምንት ሦስቴ መታጠብ እንዳለበት ተነግሮናል፤ አቅማችን ግን ከሁለቴ አላለፈም። መኪናው ተሸጠ። የሚስቱ ወርቅ ተሸጠ። እድርተኛውም፣ የሰፈሩ ሰውም አዋጣ። እጥበት ደግሞ ሰኞ ከፍለህ ሐሙስ እንደ አዲስ ክፈል የሚልህ ነገር ነው።

ሐኪሞቹ ንቅለ ተከላ ይሻለዋል አሉ። ደሙ ኦ ነው። እኔ ቢ ነኝ፤ ከመነሻው ወጣሁ። እናታችን ስኳርም ግፊትም አለባት፤ እሷም አትሆንም። የቀሩት ከእኔ ቀጥሎ ያለው ወንድማችንና የሁላችን ታናሽ እህታችን ናቸው። ሁለቱም ኦ ናቸው።

ታናሿ ወሬውን እንደሰማች «እኔ እሰጣለሁ» አለች። 27 ዓመቷ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ወንድማችን 36 ነው። እሱን እስካሁን የጠየቀው ሰው የለም። «እሱ ልጆች አሉት» ይባላል። «ሱቁን ማን ይይዝለታል?» ይባላል። ስለ እሷ የሚባለው ደግሞ «እሷ ገና አላገባችም» ነው። እናቴ ይህን የምትለው በክፋት አይደለም። አክስቶቼም እንደዚያው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ያላገባ ሰው ኩላሊቱ ትርፍ ነው እንዴ?

ወንድሜ እንዲድንልኝ እፈልጋለሁ፤ በዚህ አትጠራጠሩኝ። ይህን ያለፋችሁበት ካላችሁ ግን ንገሩኝ። እናንተ ቤት ማን እንደሚሰጥ እንዴት ተወሰነ? ከዚያ በኋላስ ቤተሰቡ እንዴት ሆነ? ስለ ኦፕራሲዮኑ ሐኪም እንጠይቃለን። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ቤቱ ነው።

---

የለገሃሯ (እሁድ ማታ)

እግዜር ይማርላችሁ። እህትሽ አንበሳ ናት። የምለው የለኝም፣ ክሩን ልከታተል ብዬ ነው።

---

ጋሽ አራዳ (እሁድ፣ እኩለ ሌሊት ሲል)

ልጆቼ፣ ነገር ማብዛት ለምን አስፈለገ? ሥጋ ለሥጋው ካልሆነ ለማን ይሆናል? ልጅቷ ማንም ሳያስገድዳት እሰጣለሁ ብላለች። ተመስገን በሉ እንጂ! አንዱ በፈቃዱ ሲሰጥ ሌላውን «አንተስ ለምን አልሰጠህም» እያሉ ማስጨነቅ ቤት ያፈርሳል። ብዙ አይቻለሁ። ጸበሉንም አትርሱ።

---

ሲስተር ካዛንቺስ (ሰኞ ጠዋት)

የምሠራው እጥበት ክፍል ነው፤ የት እንደሆነ ይቅር። (ስሜ ካዛንቺስ ቢልም ቤታችን ከተነሳ ወዲህ የምኖረው ገላን ጉራ ነው። ስሙን መቀየር አልሆነልኝም።)

ጋሼ፣ መጀመሪያ ስለ ጸበሉ። ጸሎትን ማንም አይከለክልም። ግን እጥበት ላይ ያለ ሰው ሽንቱ ስለሚቀንስ በቀን የሚጠጣው ውኃ የተለካ ነው። ጸበል ቦታ በጆግ ሲጠጣ ውሎ ሳንባው ውኃ ይዞ በሌሊት እያቃሰተ የሚመጣ ሰው እናያለን። ይጠመቅ። መጠጡን ግን በጉንጭ ያድርገው፣ የእጥበት ቀኑንም እንዳይዘል።

አሁን ወደ «አላገባችም» ልምጣ። የመሀል ልጅ፣ ይህ ምክንያት ከሕክምናው ጋር ሲተያይ ግልብጥ ያለ ነው።

አንድ ኩላሊቱን የሰጠ ሰው የቀረው ኩላሊት ሥራውን ይጨምራል። ሁለቱ ይሠሩት ከነበረው 70 በመቶ ገደማውን ይሸፍናል፤ ለኑሮ ይበቃል። የኦፕራሲዮኑ የሞት አደጋም ዝቅተኛ ነው። አሜሪካ ውስጥ ድሮ ሲቆጠር ከ10,000 ለጋሾች 3 ገደማ ነበር፤ በቅርቡ የተቆጠረው ከ1 ያነሰ ነው። ዋናው ነገር ግን ለጋሹ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ኩላሊት መኖሩ ነው። እዚያው አሜሪካ በተሠራ ጥናት፣ ከ10,000 ለጋሾች 90 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው የራሳቸው ኩላሊት ሊያቆም እንደሚችል ተገምቷል። እንደ እነሱ ጤነኛ ሆነው ካልሰጡት ውስጥ 14 ናቸው። ትንሽ ቁጥር ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። የ27 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ36 ዓመቱ ሰው ይልቅ ብዙ ዘመን ይቀራታል።

ሌላው ወሊድ ነው። ኩላሊት የሰጠች ሴት ማርገዝ ትችላለች፤ አብዛኞቹ በሰላም ይገላገላሉ። ነገር ግን ካናዳ ውስጥ በተደረገ ጥናት በእርግዝና ጊዜ የሚነሳው የደም ግፊት፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው አደገኛው ዓይነት ጭምር፣ ከለጋሾቹ 11 በመቶው ላይ ታይቷል። ካልሰጡት ላይ 5 በመቶ። እንግዲህ ገና አለመውለዷ «እሷ ትስጥ» የሚያስብል ነገር አይደለም፤ ከመስጠቷ በፊት ቁጭ ብላ ከሐኪም ጋር እንድትመክር የሚያደርግ ነው። ልጆቹን የወለደው ወንድምሽ ይህ ስጋት የለበትም።

ይስጥ አትስጥ ማለቴ አይደለም። ሁለቱም ይመርመሩ። ደማቸው ኦ ስለሆነ ብቻ አላለቀም፤ በእህትና በወንድም መካከል ቲሹ (ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይበት ምልክት) ሙሉ በሙሉ የመግጠሙ ዕድል ከአራት አንድ ነው፣ በግማሽ መግጠሙ ከአራት ሁለት፣ ጭራሽ አለመግጠሙም ከአራት አንድ። እናታችሁም ወንድማችሁም ግፊት ስላለባቸው የሁለቱም ግፊት፣ ስኳርና ሽንት ጥሩ አድርጎ ይታይ። ይህ በቡና ላይ የሚወሰን ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ አገር በሕይወት ሳሉ ከሚሰጡት የሚበዙት ሴቶች ናቸው። ከሚቀበሉት የሚበዙት ወንዶች። እናንተ ቤት ብቻ የተፈጠረ ነገር እንዳይመስልሽ።

---

ጳጉሜ ስድስት (ሰኞ ምሳ ሰዓት)

እኔ ሰጥቻለሁ። ለእህቴ። የተሠራነው ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። እዚያ ያለው ማዕከል በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰው ሕንድ ነበር የሚሄደው። ያ ለእኛ የማይታሰብ ነበር።

ማን እንደሚሰጥ እንዴት ተወሰነ ላልሽው፣ እኛ ቤት አልተወሰነም። ሁሉም ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም እኔ ተናገርኩ። ብዙ ቤት እንዲህ ይመስለኛል፦ ቀድሞ አፉን የከፈተ ይሰጣል፣ ሌላው ይገላገላል።

ስለ በኋላው ልንገርሽ። እኔ ጤነኛ ሆኜ ገብቼ ታማሚ ሆኜ ወጣሁ። እሷ ታማሚ ሆና ገብታ ፊቷ ፈክቶ ወጣች። ክሪያቲኒኗ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ) መውረድ ሲጀምር ቤተሰቡ እልል አለ። ጠያቂው በሙሉ ወደ እሷ ነው። ብርቱካኑም፣ አጃውም። ወደ እኔ የመጣው ሁሉ «አንተማ ጠንካራ ነህ» ብሎ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ማሳል ሲመጣብኝ ትራስ ጎኔ ላይ ይዤ ነው የማስለው።

የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ለሳምንታት ከባድ ነገር እንዳላነሳ ተነገረኝ። አለቃዬ መጀመሪያ «ጀግና» አለኝ። እየቆየ ሲሄድ «መቼ ነው ታዲያ የምትመለሰው?» ሆነ። ለእሷ መድኃኒት ዘመድ አዋጣ፤ የእኔን የቤት ኪራይ ማን እንደሚሸፍን ግን ያነሳ ሰው የለም። ጤነኛው እኔ ነኛ! ጤነኛ ወጪ የለውም።

ያልጠበቅኩት ግን ሌላ ነው። እህቴ መድኃኒቷን ካሳለፈች እኔን ያመኛል። በየቀኑ እደውላለሁ። «ወሰድሽ? ውኃ ጠጣሽ? ለምን አመሸሽ?» አንድ ቀን «ኩላሊት ሰጠኸኝ እንጂ አልገዛኸኝም» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ተኳረፍን። ሐቅ ነው ግን። ያ ኩላሊት አሁን የእሷ ነው፤ ብታባክነውም የእሷ ነው። ይህን መዋጥ ከኦፕራሲዮኑ በላይ ከበደኝ። አሁን የምንጨቃጨቀው ስለ ኳስ ነው። እሷ ጊዮርጊስ፣ እኔ ቡና።

ዛሬም ብጠየቅ እሰጣለሁ። ይህን ስል ሌላው ሰው ግዴታ አለበት ማለቴ ግን አይደለም።

---

አወያይ (ሰኞ ከሰዓት)

ከዚህ በላይ የነበረው መልእክት ተነስቷል። ኩላሊት መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው። የደላላ ስልክ የሚለጥፍ ሰው ዳግም አይገባም። «ዘመድ አስመስለን እናስጨርሳለን» የሚላችሁን ሰው አትመኑ፤ በአገራችን እስካሁን የሚሠራው ከሕያው ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ነው፣ ዝምድናውም ይጣራል።

---

አልሰጠሁም (ሰኞ ማታ)

ከሰጡት ሰምታችኋል። ካልሰጠ ደግሞ ስሙ።

ወንድሜ ታመመ። ደሜ ገጠመ። እምቢ አልኩ። «ደም ግፊት አለብኝ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ፈራሁ፤ በቃ።

ሌላ እህታችን ሰጠች። ወንድሜ ዛሬ ደህና ነው፣ እሷም ደህና ናት። ወንድሜ በዚህ ጉዳይ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። የሚናገሩት ሌሎቹ ናቸው። ፋሲካ ላይ አክስቴ ዶሮ እያወጣች «ለእሱ ጨምሩለት፣ እሱ ሰውነቱን ይወዳል» አለች። ሁሉም ሳቀ። እጥበት ላይ በነበረ ጊዜ ከደመወዜ እየቆረጥኩ ስከፍል የነበርኩት እኔ ነኝ። እሱ አይቆጠርም። እኛ ዘንድ የሚቆጠረው ኩላሊት ነው።

የመሀል ልጅ፣ ሁለተኛውን ወንድማችሁን ስትጠይቁት አሥር ሰው በተሰበሰበበት አትጠይቁት። እምቢ ሊል በሚችልበት ቦታ ጠይቁት። አለበለዚያ ያ ጥያቄ አይባልም።

---

ሲስተር ካዛንቺስ (ሰኞ ማታ)

አልሰጠሁም፣ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ብዙ አገር ያሉ ማዕከሎች ይህን ስለሚያውቁ ለጋሹን ለብቻው ያናግሩታል። ኦፕራሲዮን ክፍል እስኪገባ ድረስ ሐሳቡን መቀየር ይችላል። ከቀየረ ለቤተሰቡ የሚነገረው «ለመስጠት ብቁ ሆኖ አልተገኘም» ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ አይነገርም። አሜሪካኖቹ በራሳቸው አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ የለጋሹን ጥቅም ብቻ የሚጠብቅ ባለሙያ እንዲኖር ግዴታ አድርገዋል። ያ ሰው ለታማሚው አይሠራም።

እህትሽ «ብቻዬን አናግሩኝ» የማለት መብት አላት። ወንድምሽም። እናት በር ላይ ቆማ አይሆንም።

---

ጋሽ አራዳ (ሰኞ ማታ)

በማንም አልፈረድኩም። ግን የዛሬ ልጆች መብት መብት ስትሉ ታማሚውን ረሳችሁት። ሰውዬው በሳምንት ሁለቴ ማሽን ላይ ነው ያለው። ጊዜ የለውም።

---

የለጋሽ ሚስት (ሰኞ ማታ)

ጋሼ፣ ይህን ያሉት እውነት ነው። ጊዜ የለውም። ግን ባሌ ለወንድሙ ሲሰጥ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ ሲወስን እኔ ጓዳ ቡና ሳፈላ ነበር። ቡናውን ይዤ ስገባ አልቋል። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉኝ። ምን እንደሰጠሁ የነገረኝ የለም።

ከዚያ ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያመላለስኩት እኔ፣ ሲሊንደር የተሸከምኩት እኔ። ማታ ማታ «ይሄ አንድ የቀረው ነገር ቢጎዳስ?» እያልኩ የማድረው እኔ። ሥጋ ለሥጋው ይላሉ። ሚስትስ ምን ትባላለች?

ወገቡን ሲያመው ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ መጣ። ቀማሁት። እንዲህ ያለ የሕመም ማስታገሻ ኩላሊት እንደሚጎዳ ተነግሮት ነበር፤ እሱ ረስቶታል። በየዓመቱ ግፊቱን፣ ክሪያቲኒኑንና ሽንቱን እንዲታይ የምጎትተውም እኔ ነኝ። ወንድሙ ቀጠሮ ሲኖረው ቤተሰቡ ሁሉ ያስታውሳል። የባሌን ቀጠሮ የማስታውስ እኔ ብቻ።

የመሀል ልጅ፣ ወንድማችሁ የሚጠየቅ ከሆነ ሚስቱም ትጠየቅ። ከውሳኔው በፊት።

---

ሁለት ሰዓት (ማክሰኞ ጠዋት)

እኔ የተቀበልኩ ነኝ። ስሜን ያወጣሁት ከመድኃኒቴ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት፤ ዕድሜ ልክ። ይህ ካልሆነ ሰውነቴ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። መድኃኒቱ ደግሞ የሰውነት መከላከያን ስለሚያዳክም ጥሬ ሥጋ የለም፣ ለብለብ ክትፎም የለም። መጀመሪያዎቹ ወራት ጠያቂ እንዳይበዛ ተባልን። ሐበሻን «አትምጡ» በሉት እስቲ! ባለቤቴ በር ላይ ማስክ እያደለ ሰው ሲመልስ የተቀየሙን እስከ ዛሬ ተቀይመዋል።

ልጽፍ የፈለግኩት ግን ስለ ውለታው ነው። የሰጠኝ ወንድሜ ነው። ደግ ሰው ነው፤ አንዴም አላነሳብኝም። እቁብ በደረሰኝ ጊዜ ለንግድ ብድር ጠየቀኝ። ሰጠሁት። መስጠቴ አይደለም የከበደኝ። እምቢ ማለት እንደማልችል እሱም ማወቁ፣ እኔም ማወቄ ነው። ገንዘቡን መለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። እሱም ነገሩ ገብቶታል መሰለኝ። አሁን ሁለታችንም እንጠነቀቃለን። ጥንቃቄ ደግሞ በወንድምና በእህት መካከል ሲገባ ደስ አይልም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ኩላሊት አንድ ቀን ማቆሙ ነው። በሕይወት ካለ ሰው የተገኘ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይሠራል ብለውኛል። ያን ቀን ለእሱ እንዴት ነው የምነግረው?

ታማሚው ወንድማችሁ ምን አለ? ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ የእሱ ድምፅ የለበትም።

---

ጠያቂው (ማክሰኞ ጠዋት)

ሁለት ሰዓት ያነሱት ነገር አንድ ታሪክ አስታወሰኝ። በዓለም መጀመሪያ የተሳካው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው ቦስተን ነው፣ በፈረንጆች ታኅሣሥ 1954። ሐኪሙ ጆሴፍ መሬይ ነበር፤ በኋላ በ1990 ኖቤል ተሸልሟል። ሮናልድ ሄሪክ ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ሰጠ። ተመሳሳይ መንታ ስለነበሩ ሰውነቱ ኩላሊቱን አልተቃወመም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት በነበረው ሌሊት ታማሚው ሪቻርድ ለወንድሙ ወረቀት ላከለት። ከዚህ ውጣና ቤትህ ሂድ ይላል። ሮናልድም አልሄድም ብሎ መለሰለት።

ሪቻርድ ስምንት ዓመት ኖረ። አግብቶ ልጆች ወለደ። ሮናልድ እስከ 2010 ኖሮ በ79 ዓመቱ አረፈ። እኔን የገረመኝ ወረቀቷ ናት። ታማሚው ራሱ በሩን ከፈተለት።

---

የመሀል ልጅ (ሐሙስ ማታ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ሰዓት፣ ጥያቄዎ ከነከነኝና ታላቅ ወንድሜን ከእጥበት ሲወጣ ጠብቄ አናገርኩት። «ከትንሿ አልወስድም ብዬ ለእማማ ከነገርኳት ቆየ» አለኝ። እናቴ ለማንም አልተናገረችም። ልጇ እንዳይሞትባት ፈርታ ነው፤ ምን ትሆን። ቢሆንም ተናደድኩ።

ሁለተኛውን ወንድማችንን ብቻውን አገኘሁት፣ ሱቁ ውስጥ። ከሚስቱ ጋር ሁለቱን አንድ ላይ ማለቴ ነው። ያለ እሷ አላነሳሁም። የጠበቅኩት ቁጣ ነበር። እሱ ግን «የማትጠይቁኝ የማልረባ ስለምመስላችሁ ነው ብዬ ነበር» አለ። ሚስቱ ብዙ ጠየቀች፤ ስለ ሱቁ፣ ስለ ሕመሙ፣ ልጆቹ ወደፊት ኩላሊት ቢያስፈልጋቸውስ እስከማለት። መልስ ያልነበረኝ ብዙ ነው። ይመረመራል። ይሰጣል አላልኩም፤ ይመረመራል።

ጠቡ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። ታናሿ ሰምታ ነደደች።

---

ታናሿ (ሐሙስ፣ በጣም ማታ)

ታናሿ ነኝ። እህቴ ክሩን ሳትልክልኝ ነው ያገኘሁት። አራት ኪሎ፣ ኦ፣ 27 ሲባል ሌላ ማን ይሆናል?

እናቴ «አላገባችም» ብላ ኩላሊቴን ትሰጥልኛለች። እህቴና እናንተ ደግሞ «ገና አልወለደችም» ብላችሁ ትከለክሉልኛላችሁ። ሁለታችሁም የምታስቡት ስለ ማህፀኔ ነው። ለምን መስጠት እንደፈለግኩ አንድ ሰው አልጠየቀኝም። አንድም!

አባታችን ሲሞት ትንሽ ነበርኩ። ለወላጅ ስብሰባ ትምህርት ቤት የሚመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ውለታ ልመልስ አይደለም። እሱ በሌለበት ቤት መግባት ስለማልፈልግ ነው። ለራሴ ነው የምሰጠው። ይህ በቂ ምክንያት አይደለም?

ሲስተር የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። የወሊዱን ነገር አላውቅም ነበር፤ ማወቄ ጥሩ ነው። አልፈራሁም አልልም። ሁለት ሰዓት የጻፉትም አልወጣልኝ አለ። ወንድሜ እኔን ባየ ቁጥር እንዲጠነቀቅ አልፈልግም።

ስለዚህ የማደርገው ይህ ነው። ምርመራዬን እጨርሳለሁ። ወንድሜም ይጨርስ። ከሁለታችን ማን እንደሚሻል ሐኪም ይናገር። እሱ ከሆነ አላኮርፍም። እኔ ከሆንኩ ደግሞ ስለ ደመወዜና ስለ ኪራዬ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ሳገግም እናቴ ቤት አልሄድም፣ ጠያቂ ይበዛል። ልደታ ኮንዶሚኒየም ጓደኛዬ ዘንድ ነኝ። አራተኛ ፎቅ መሆኑ ነው ክፋቱ።

«ከአንቺ አልወስድም» የሚለውንም ወንድሜ ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ ይንገረኝ።

---

ጳጉሜ ስድስት (ዓርብ ጠዋት)

ታናሿ፣ አራተኛ ፎቅን እርሽው። ደረጃው ይገድልሻል። ምድር ቤት ያለው ጓደኛ ፈልጊ።

---

የለገሃሯ (ዓርብ ጠዋት)

ዝም ብዬ ስከታተል ነበር። ልጅቷ ደመወዝና ኪራይ ስትል ነገ «ኩላሊቷን ሸጠች» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ያን ጊዜ ምን ትላለች?

---

የደመወዝ ጉዳይ (ዓርብ ከሰዓት)

የሠራተኛ ጉዳይ ላይ ነው የምሠራው። ለጋሹ በመስጠቱ የቀረበትን ደመወዝና ያወጣውን ወጪ መተካት ሽያጭ አይደለም። የአካል ንግድን የሚያወግዘው በፈረንጆች 2008 የወጣው የኢስታንቡል መግለጫ ራሱ ይህን ለይቶ ያስቀምጣል። ሽያጭ የሚሆነው ለኩላሊቱ ዋጋ ሲቆረጥለት ነው።

ታናሿ፣ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆንሽ አዋጅ 1156/2011ን ተመልከቺ። የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ የሕመም ፈቃድ አለሽ። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው 3 ወር ያለ ክፍያ። ለኩላሊት ለጋሽ ተብሎ የተለየ ፈቃድ ግን በአዋጁ አላየሁም። ስለዚህ ከመተኛትሽ በፊት ቀጣሪሽን በጽሑፍ አሳውቂ፣ የሐኪም ማስረጃውንም አስከትዪ። «ጀግና» የሚል አለቃ ላይ አትደገፊ፤ ጳጉሜ ስድስት ነግሮሻል።

---

የመሀል ልጅ (ቅዳሜ ማታ)

ዛሬ ሁለቱ ተነጋገሩ። በር ዘግተው። የሰማነው ጭቅጭቅ ብቻ ነው፣ በኋላ ሳቅ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩንም፤ እናቴም ደጋግማ ጠይቃ አልተሳካላትም። የምርመራ ቀጠሯቸው ለየብቻ ነው። የታናሿን ማደሪያ ምድር ቤት አግኝተናል።

---

ቸርችል (እሁድ ጠዋት)

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። ሲስተር፣ ባለቤቴ እጥበት ላይ ነው። እሱ ኦ ነው፣ እኔ ኤ። ሦስት ልጆች ወልደናል። ለእሱ መስጠት እችላለሁ?

---

ሲስተር ካዛንቺስ (እሁድ ከሰዓት)

እህቴ፣ ኦ የሆነ ሰው በተለመደው መንገድ የሚቀበለው ከኦ ብቻ ነው። ፖዘቲቭ ኔጋቲቩ ለኩላሊት ችግር የለውም፣ ፊደሉ ግን አለው። ደማችሁ ቢገጥም እንኳ ከእሱ ስላረገዝሽ ሰውነትሽ የእሱን ቲሹ የሚቃወም አንቲቦዲ ሠርቶ ሊሆን ይችላል ይባላል፤ ያ የሚያሳስበው ግን እሱ ለአንቺ ቢሰጥ ነበር። ለአንቺ አሁን እንቅፋቱ የደሙ ዓይነት ነው። ውጭ አገር ደማቸው ያልገጠመ ሁለት ጥንዶች ለጋሽ የሚለዋወጡበት አሠራር አለ። የእሱ እህት ወንድሞች አሉ?

---

ቸርችል (እሁድ ማታ)

አንድ ወንድም አለው፤ ድሬዳዋ ነው። ባለትዳር ነው። ደሙን አናውቅም።

---

ሲስተር ካዛንቺስ (እሁድ ማታ)

የደም ዓይነቱን እዚያው ድሬዳዋ ማስመርመር ይችላል። ለዚህ ብቻ አዲስ አበባ ድረስ አይምጣ። ኦ ከሆነ ጻፊልኝ፣ የሚቀጥለውን እነግርሻለሁ። ስትደውሉለት ሚስቱም ትስማ።